ሽርጥ ላገለደመ ሰው ሸሚዝ ስለ ማስገባት

ለተከበሩ አቶ ፈድሉ
የመንገድ ዳር ውኃ ማስወገጃ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወረታ

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በደረቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እግርዎም በደረቅ ካልሲ ውስጥ ሆኖ እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በቁሐር ሚካኤል ያለነው ውኃው ጉልበታችን ላይ ከመድረሱ በቀር ደኅና ነን። መስከረም ጠብቷል፣ ዝናቡም ቀንሷል ይባላል፤ ማሳችን ላይ የተኛው ውኃ ግን ይህን ገና የሰማ አይመስልም።

እኔ መምህርት ጸሐይነሽ ይርዳው እባላለሁ፤ በዚሁ ቀበሌ አማርኛ አስተምራለሁ። ደብዳቤዬን በአደባባይ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። የታሸገ ደብዳቤ መዝገብ ቤትዎ ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚገጥመው ስለማውቅ፣ የእኔዋ ቢያንስ ሰው እያያት እንድትቀር ብዬ ነው።

ጉዳያችን አጭር ነው። አዲሱ መንገድ በአባቴ በአቶ ይርዳው ማሳ ጥግ ሲያልፍ ከስሩ የተቀበረው ቱቦ በደለልና በድንጋይ ተደፍኗል። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ መሻገሪያ አጥቶ የአባቴ ሩዝ ላይ ተኛ። ሩዝ ውኃ ይወዳል ብለው እንደሚያጽናኑን አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ይወዳል፤ አንገቱ ከላይ እስከቀረ ድረስ። ከጎረቤት ጋር ሆነን ቱቦውን በአካፋ ልንከፍት ብንነሣ፣ መንገዱ የመንግሥት ስለሆነ ያለ እርስዎ ፊርማ የነካው ሰው እንደሚታሰር ተነገረን። ፊርማውንም ለማግኘት ባለማሳው ራሱ ቀርቦ ማመልከት አለበት ተባለ። አባቴ አንዲት ማመልከቻ ይዘው ወደ እርስዎ የመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘነውን መስተንግዶ ቅሬታ ብዬ ልጠራው ስላልደፈርኩ፣ በምስጋና መልክ በቁጥር ለይቼ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ በበርዎ ላይ ስለተለጠፈው ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። «ሸሚዙን ያላስገባ ባለጉዳይ አይስተናገድም» ይላል። ጽሕፈቱ ደማቅ ነው፣ ወረቀቱም ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ተሸፍኗል፤ በአካባቢያችን ከውኃ የተጠበቀ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ ውኃ ውስጥ ከመዋል ብዛት ቅልጥማቸው ቆስሎ ሱሪ አያስነካም። ስለዚህ ከይፋግ ገበያ የገዟትን ባለ መስመር ሽርጥ አገልድመው፣ ሸሚዛቸውን ከላይ ለቀው መጡ። ክቡርነትዎ በዚያ ወቅት ሽርጥ ለብሰው አያውቁም ነበርና (ነበር ወዳልኩበት ምክንያት በኋላ እመለሳለሁ) ነገሩን ላስረዳ። ሽርጥ ቁልፍ የለውም፣ ቀበቶም አይገባበትም። ወገብ ላይ ይዞርና ጫፉ ተጠቅልሎ ይሸጎጣል፤ የሚይዘውም ገላን ተጣብቆ ነው። ሸሚዝ ከስሩ ሲገባበት ይንሸራተታል። ሸሚዙ ከላይ ሲወርድ ግን ጥቅልሉን ይሸፍነዋል፣ ለባሹም ጨዋ ሰው ይመስላል። በር ጠባቂው አቶ ባየህ ወገባቸውን በጣታቸው ሲያመለክቱ፣ አባቴ የቀበቶ ነገር መስሏቸው ሽርጥ ቀበቶ እንደማይገባበት በትሕትና ቢያስረዱ፣ እንግዲያው በመቀነት ይታጠቁት የሚል ምክር ሰጥተው መለሷቸው። የልጅ ልጅ ያዩ ሰው የሴት መቀነት ታጥቀው ወረታ ከተማ ውስጥ እንዲሄዱ ስለታሰበላቸው ቤተሰባችን በሙሉ ተደንቋል።

ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው የተጻፈበትን አማርኛ አመሰግናለሁ፤ በሙያዬ ብዙ አስተምሮኛል። አባቴ ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ፊደሉን በጣታቸው እየነኩ ያነባሉ፣ ያነበቡትንም ያምናሉ። በእናንተ ቤት ደግሞ የማይገባ ነገር የለም። ማመልከቻ ይገባል፣ ፎቶግራፍ ይገባል፣ የመታወቂያ ኮፒ ይገባል። ስለዚህ አባቴ ማስታወቂያውን ቆመው ሲያነቡ፣ ሸሚዝም እንደ ኮፒው ለመሥሪያ ቤቱ የሚገባ መሰላቸው። ለምን ተብሎ እንደሆነ አልጠየቁም፤ ከመንግሥት ቤት ደጃፍ ለምን ብሎ መጠየቅ ከተዉ ቆይተዋል።

እናም በሌላ ቀን፣ ለሠርጌ የገዛሁላቸውን ሰማያዊ ሸሚዝ አጥፈው በፌስታል አድርገው መጡ። ሽርጡ ያው ሽርጥ፣ በላዩ የወረደውም አሮጌ ሸሚዝ ያው ሸሚዝ ነበር። አቶ ባየህ ግን ፌስታሉን ባዩ ጊዜ በሩን ከፈቱላቸው፤ ፌስታል የያዘ ሰው እዚያ በር ላይ ሲንገላታ እኔም አይቼ አላውቅም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ቤዛም ቀና ሳይሉ፣ እዚያ ያስቀምጡት፣ ይታያል አሏቸው። ማመልከቻውን ግን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለሆኑ በሌላ ቀን ይዘው ይምጡ ብለው መለሱላቸው። አባቴ ሸሚዛቸው ስለገባላቸው ተደስተው ወደ ቤት ተመለሱ። በዚያ ሳምንት የሩዙ ጫፍ ገና ከውኃው በላይ ይታይ ነበር።

የሆነውን ስሰማ ሸሚዙን ለመውሰድ እኔ ራሴ መጣሁ። ወይዘሮ ቤዛ እጅግ በትሕትና፣ ገቢ የሆነ ዕቃ ያለ ኃላፊው ፈቃድ ወጪ እንደማይሆን ነገሩኝ። ሕጉን ስለማከብር ተመለስኩ። ሸሚዙ እስከ ዛሬ ከእናንተ ዘንድ ነው፤ ይታያል ተብሎ ነበርና ያየው ሰው ካለ በሰላም መኖሩን ቢያስታውቀኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ለጥቂት መስመር ባቋርጥ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማስታወቂያው ሸሚዝን ወገብ ውስጥ መክተት ማለቱ እንደሆነ ለአባቴ ባስረዳኋቸው ጊዜ ከልባቸው ሣቁ። ከዚያም ደንብ ከሆነ ደንብ ነው ብለው፣ የቀረቻቸውን አሮጌ ሸሚዝ ከሽርጡ ስር አስገብተው፣ ማመልከቻቸውን በእጃቸው ይዘው ለሦስተኛ ጊዜ መጡ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። አቶ ባየህ ወገባቸውን አይተው አሳለፏቸው። በኮሪደሩ ባለጉዳይ ሞልቶ ነበር፤ የክርስትና ልጃቸው አለ፣ እህል የሚሸጡላት ነጋዴ አለች፣ የተማሪዎቼ ወላጆችም ነበሩ። የእርስዎ ቢሮ በር ጋ ሳይደርሱ ሽርጡ ወረደ።

ከስር ምን ለብሰው እንደነበር መናገር ለልጅ ወግ አይደለም። ጎንበስ ሲሉ ያ ማመልከቻ ከእጃቸው ወደቀ፤ አንድ ሰው ሣቀ፣ ሌላውም ተከተለው። ሽርጣቸውን አንሥተው ሸሚዛቸውን ጎትተው አወጡት፤ እኔን እንኳ ሳያዩ በመጡበት ወጡ። ማመልከቻውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለእርስዎ ልሰጥ ብሞክርም ባለማሳው ራሱ ካልቀረበ አይቻልም ተባልኩ። ባለማሳው የቀረቡት አሁን ነው፣ እናንተም አይታችኋል ብል የሚሰማኝ አጣሁ። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ከግቢያቸው አልወጡም። ለሚካኤል እንኳ አልሄዱም፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከዚያ ደብር ቀርተው አያውቁም ነበር። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን ያህል የተናደድኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

አራተኛ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስና፣ ጎርፉን ሊጎበኙ ከካሜራ ባለሙያ ጋር እስከ ሰፈራችን ስለመጡ አመሰግናለሁ። በተተኮሰ ሱሪ፣ ሸሚዝዎን በሚገባ ከትተው፣ ከመኪና ወርደው ውኃው ጫፍ ላይ ሲቆሙ ሁላችንም አየንዎ። ወዲያው ሽርጥ የሚያውሰኝ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አባቴ ከቤት ሳይወጡ ሰሙ፣ ያቺን ሽርጣቸውንም በእኔ እጅ ላኩልዎ፤ እንግዳ ነው፣ ሱሪው እንዳይበላሽበት ብለው። እርስዎም ከመኪናው ጀርባ ዞረው አገለደሙ። መጀመሪያ ሸሚዝዎን ከስሩ ለማስገባት ሲሞክሩ ተንሸራተተብዎ፤ በእጅዎ ያዝ አደረጉት፤ ከዚያም ግራ ቀኝ አይተው ሸሚዝዎን ከላይ ለቀቁት። በእውነት አማረብዎት። በዚያው ሁኔታ ውኃው ውስጥ ገብተው፣ የማይታየውን ሩዝ በጣትዎ እያመለከቱ ፎቶግራፍ ተነሡ። ፎቶግራፉ በፌስቡክ ገጻችሁ ላይ «ኃላፊው ከአርሶ አደሩ ጎን» በሚል ጽሑፍ ወጥቶ አይቼዋለሁ። ማመልከቻውን በዚያች ሰዓት ልሰጥዎ ብጠጋ፣ በቢሮ በኩል ይምጣ ብለው መከሩኝ፤ መኪናዎም ተነሣች።

ይህንን ሁሉ ስዘረዝር መፍትሔ እየጠበቅሁ እንዳይመስልዎ። ማስታወቂያው አሁንም በርዎ ላይ እንደተለጠፈ ነው፤ ትናንት አልፌ አይቼዋለሁ። ቱቦውም እንደተደፈነ ነው። ሩዙ ከውኃው ስር ጠቁሯል፣ ሲጎትቱት ከነሥሩ ይመጣል፣ ይሸታልም። ውኃው በጊዜ ቢሄድ ኖሮ በቀረው እርጥበት ጓያ እንኳ እንዘራ ነበር፤ እርሱም የሚሆን አይመስለኝም። ማመልከቻው በእኔ ቦርሳ ውስጥ አለ፤ ማቅረቡን ግን ትቼዋለሁ።

ውኃው እስከሚፈቅድልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለወንበርዎ ዕድሜን፣ ለሱሪዎ መተኮሻ መብራት የማያጣበትን ዘመን፣ ለሸሚዝዎም ከገባበት የማይወጣበትን ጸጋ እመኛለሁ።

የእርስዎው ያልተስተናገደች አገልጋይ፣
መምህርት ጸሐይነሽ ይርዳው
ቁሐር ሚካኤል

ማስታወሻ፦ የዘነጋሁት አንድ ትንሽ ነገር አለ። በጉብኝትዎ ዕለት ሽርጡን እንዳገለደሙ መኪናዎ ውስጥ ገብተው ሄደዋል። አባቴ ቁስላቸው ገና አልዳነምና ሌላ የሚለብሱት የላቸውም። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልዎ ስነግራቸው፣ «ሩዙስ ሄደ፣ ልጀ። ሽርጧን ብቻ አስመልሽልኝ፣ ለሚካኤል ልሂድባት» አሉኝ። ስለዚህ ስለ ቱቦው መጠየቄን ትቼ የምለምንዎ ሽርጧን ብቻ ነው። ቱቦውንማ ምን ብዬ እጠይቃለሁ፤ የአባቴ ሸሚዝ መዝገብ ቤትዎ ገብቷል፣ ሽርጣቸው መኪናዎ ውስጥ ገብቷል፣ ሩዛቸው ውኃ ውስጥ ገብቷል። ለእርስዎ ብቻ አልገባዎትም።