ቢሾፍቱ ስትሄጂ በበራችን ነበር የምታልፊው

እማ፣ የኔ እናት፣

ከሄድሽ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ቀብርሽ ላይ ሣር በቅሏል። ደህና ነኝ ልልሽ ነበር ግን ደህና አይደለሁም፣ ፈርቻለሁ፣ ደሞ ተናድጄብሻለሁ፣ ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝና የቱን አስቀድሜ እንደምነግርሽ ጠፋኝ።

ቤቱን ላስቀድም። ጣራው አሁንም ያፈሳል፣ አልጋውን ወደ በሩ አዙሬዋለሁ። ሂክማ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፣ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ያንቺን ሻርፕ ሳትጠመጥም አትወጣም፣ አስተማሪዋ አውልቂ ስትላት ታለቅሳለች። እማማ ብርቄ አሁንም ከጎረቤት ሆነው ግድግዳውን እየደበደቡ ነው የሚጠሩን። አባባ እንደሆነ ከነመኪናው እንደቀረ ቀረ፣ መሞትሽንም ይስማ አይስማ እንጃ።

አሁን ለቅሶሽ ላይ የሆነውን ልንገርሽ። እትዬ ሳባ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ቤታቸው እንደምትሠሪ አውቃለሁ፣ ልጆቹን ግን አይቻቸው አላውቅም ነበር። ትንሹ፣ ናቲ፣ ሸራው ስር እንደገባ «እማዬ ዘሀራ የታለች?» ብሎ ጮኸ። እማዬ እንደሚልሽ ማንም አልነገረኝም። እማማ ብርቄ «ና የኔ ጌታ» ብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና ዝም ያሰኙታል ሲባል እሱ ወሬ ጀመረ።

«እማዬ ዘሀራ እኮ የሚሽከረከረው ላይ ስንወጣ ከኛ በላይ ነው የምትጮኸው።»

እህቱ ሊያ ደሞ «ውሸታም፣ የምትጮኸው አንተ ነህ፣ እሷ ስትስቅ ነው» አለችው።

ከዛ ሁሉንም አወጡት። እንጦጦ ፈረስ ላይ ወጥተሽ አውርዱኝ ማለትሽን፣ ጦጣዋ ሙዝሽን መቀማቷን፣ ቢሾፍቱ ጀልባ ላይ እግርሽን ውሃ ውስጥ መክተትሽን። ለቀስተኛው ሳቀ፣ ዘሀራ ናት ይሄን ሁሉ የምታደርገው እያለ ሳቀ። እኔ ጆግ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ውሃው ከብርጭቆው አልፎ እጄ ላይ ይፈሳል፣ አላየሁትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ልብስ አጠባ ነው የምሄደው ነበር እኮ ያልሽኝ። በታክሲ ቦሌ ስናልፍ ያንን ትልቅ የሚሽከረከር ነገር አይቼ እማ ውሰጂኝ ስልሽ እድሳት ላይ ነው፣ ዝግ ነው አልሽኝ። ሰው ተቀምጦበታል እኮ ስልሽ ሠራተኞቹ ናቸው፣ እየሞከሩት ነው አልሽኝ። ካደግኩም በኋላ ለሂክማ ብዬ ጠየቅኩሽ፣ አሁንም እድሳት ላይ ነው። እኔም አመንኩሽ። ሄደው የመጡ ጓደኞቼ ሲያወሩ ውሸታችሁን ነው ብዬ ተጣልቻለሁ፣ እናቴ ነግራኛለች ብዬ፣ በቃ እናቴ ካለች አለች።

ይሄንን እንኳን ዋጥ አደረግኩት። የድሃ እናት ምን ትበል አልኩ። ግን እነ እትዬ ሳባ ሲወጡ ልሸኛቸው አስፋልቱ ድረስ አብሬ ሄድኩ፣ ናቲ እጄን ይዞኛል፣ መኪናው ጋ ሲደርስ ቆመና ዙሪያውን አየ። «ይሄን ቦታ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ቢሾፍቱ ስንሄድ እማዬ ዘሀራ ጫማዬን የምታስርልኝ እዚህ ጋ ነው።»

ጫማህ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው እንዴ የሚፈታው ብዬ ሳቅኩበት።

«ባይፈታም ታስርልኛለች። ጎንበስ ትልና ድልድዩን እስክናልፍ ቀና አትልም።»

እማ፣ እዛ ቦታ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንች ጥብስ የምሸጠው እኔ ነበርኩ። ሂክማን አዝዬ፣ ፀሐዩ ላይ፣ መኪና በቆመ ቁጥር መስኮት እያንኳኳሁ። ከአራተኛ ክፍል ያስወጣሽኝ ሂክማን የሚይዝ የለም ብለሽ ነው። አንቺ እኮ ልጅ ልትይዢ ነበር የምትሄጂው። እኛን እንዳታዪን ነው ወይስ እንዳናይሽ ጎንበስ የምትዪው? ስንቴ አጠገቤ አለፍሽ?

ከዛ እትዬ ሳባ ደወሉልኝ። «ሰዓዳ፣ ልጆቹ ሌላ ሰው አልቀበል አሉኝ፣ ያንቺ ፊት እናትሽን ነው የሚመስለው፣ ነይ በሷ ቦታ ግቢ» አሉኝ። ሌላ ምን አለኝ፣ ገባሁ። እህቴንስ ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፣ ያባርሩኛል ብዬ። ቅዳሜ ሲደርስ ሂክማን እማማ ብርቄ ጋ ተውኳት። የት ነው የምትሄጂው አለችኝ፣ ልብስ አጠባ አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ድምፁ ያንቺ ነው።

ቢሾፍቱ ነበር የምንሄደው። ሳሪስን አልፈን ወደ ቃሊቲ ወረድን። የማረሚያ ቤቱን መታጠፊያ አለፍን፣ ጠያቂው ፌስታሉን ይዞ ይሻገራል፣ መኪናው ቀስ አለ፣ ከዛ ሰፈራችን መጣ። ናቲ ምንም ሳልለው እግሩን አንስቶ ጉልበቴ ላይ አደረገልኝ። ጫማው ታስሯል።

ሂክማን አየኋት። እማማ ብርቄ በቆሎ ይጠብሳሉ፣ እሷ አጠገባቸው ቆማ በክርታስ ከሰሉን ታራግባለች። እማ አልዋሽሽም፣ ወገቤ መጎንበስ ጀምሮ ነበር። ከዛ ግን እትዬ ያቁሙልኝ አልኩ።

«ምነው፣ አመመሽ?»

እህቴ ናት አልኳቸው፣ ያቺ የምታራግበው እህቴ ናት፣ እያለቀስኩ ነው፣ ሥራው እዛው እንዳለቀ ቆጥሬዋለሁ። እሳቸው ዳር ይዘው አቆሙና በመስታወቱ አዩኝ። «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል፣ አስገቢያት እንጂ፣ መንገድ ዘጋን እኮ» አሉኝ። ሂክማን አስገብቼ ትንሽ እንደሄድን ደሞ «ዘሀራ ብትነግረኝ እናንተንም ይዛ ትመጣ ነበር፣ ቦታ ሞልቶ» አሉ።

ቦታ ሞልቶ አሉኝ፣ እማ። ከሁሉም በላይ እቺ ቃል ናት ያቃጠለችኝ። አንድ ቃል ብትነግሪያቸው ይበቃ ነበር። ምናልባት እንደኔ ፈርተሽ ይሆናል። ምናልባት ጠይቀሻቸው እምቢ ብለውሽ፣ አሁን ከሞትሽ ማን ይመሰክራል ብለውም ይሆናል። የቱ ቢሆን እንደሚሻለኝ አላውቅም። የፈራሽ ከሆነ እሺ፣ ግን እኔም ፈርቼ ነበር፣ ፈርቼም ተናገርኩ።

ቢሾፍቱ ደርሰን ጀልባው ሲነቃነቅ ሂክማ ጮኸች። ናቲ «ልክ እንደ እማዬ ዘሀራ» አላት። «የኔ እናት ናት እኮ» አለችው። «የኔም ናት» አላት፣ ተኮራረፉ፣ ከዛ አንድ ብስኩት ተካፍለው በሉ። ማታ ሳስተኛት ሂክማ እማ እኛን ለምን አላመጣችንም አለችኝ። ሻርፕሽን አለበስኳት።

እትዬ ሳባ ሲያወርዱን «ለዛሬ ይሁን፣ የሚቀጥለውን እናያለን» ነው ያሉኝ። የፈራሁት ለዚህ ነው። ሂክማ ጫማዋን አጥባ ቅዳሜን እየጠበቀች ነው። አትምጣ ካሉኝ እኔም አልሄድም ብያለሁ፣ ለራሴ ነው ያልኩት፣ ለሳቸው ገና አልነገርኳቸውም፣ ሥራው ከሄደ ምን እንደምንበላ አላውቅም።

አላህ ይዘንልሽ እማ። አልረሳሽም። መሳቅሽንም ከነሱ ሰምቼ አስታውሰዋለሁ፣ እኛ ጋ ደክመሽ ስትመጪ እግርሽን ሳሽልሽ መተኛትሽንም፣ መጎንበስሽንም፣ አንዱንም አልተውም። ሂክማም ስታድግ ሁሉንም እነግራታለሁ። አርብ ቀብርሽ ጋ እመጣለሁ። እሷንም ይዣት ነው የምመጣው።

ልጅሽ ሰዓዳ