ከቱቦው በላይ ያለው ጭቃ

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ግድግዳ ተደግፈሽ ነው የምትነሺው? የእማዬስ ዓይን እንዴት ሆነ? ባለቤትሽስ ያን ማለቂያ የሌለው አጥሩን ጨረሰው ወይስ እንደገና አፈረሰው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ልቤ ግን ተሰብሮ ሰንብቷል፤ ለሌላ ሰው የማልነግረውን ለአንቺ ልጻፍልሽ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ሥራዬን በስልክ ስነግርሽ፣ ‘ጭቃ ለመቁጠር ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው?’ እያልሽ ትስቂብኛለሽ። ነገሩ እንዲህ ነው። በወንዙ ወለል ጭቃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። ከቆሻሻ ውሃ ጋር የሚመጣውን ናይትሮጅን ተቀባብለው ይሠሩበታል፤ አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፣ ሌላው ናይትሬቱን ተቀብሎ ወደ አየር ይመልሰዋል። ወንዙ ራሱን የሚያጠራው በእነሱ ነው። የከተማው ቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ቱቦ ከሚደፋበት በታች ግን ምግቡ ከልክ በላይ በዝቶ ጭቃው አየር አጥቷል፤ አሞኒያውን የሚለውጡት ተመናምነው ጥቂት ቀርተዋል። ጭቃው እንደ ከሰል ጠቁሮ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ከቱቦው በላይ ያለው ቡናማ ነው፣ ሁሉም በየሥራው ላይ ነው።

በወንዙ ዳር፣ ከቱቦው በላይም በታችም፣ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች አሉ። አንዷን ሰው ሁሉ ‘ኮስታራዋ’ ይላታል። የመጀመሪያ ቀን በማሳዋ ልለፍ ብላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ ‘ደግሞ የጭቃ ሌባ መጣ?’ አለች። በሦስተኛው ሳምንት የሟች ባሏን ቦት ጫማ አውጥታ ሰጠችኝ፤ እኔ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ናሙና ስወስድ እሷ ዳር ቆማ ባልዲዬን ትይዝልኝ ጀመር። ምን እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ፣ ‘ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጭቃው ይናገራል’ አልኳት። አመነችኝ።

እኔ ደግሞ የቤተ ሙከራችንን ኃላፊ፣ አለቃዬን፣ አምኜ ነበር። ማይክሮስኮፕ ያስለመደኝ፣ ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ሾርባ ይዞልኝ የመጣ ሰው ነው። ‘በሰው አገር አባት አገኘሁ’ ብዬ ጽፌልሽ አልነበር?

ከሁለት ሳምንት በፊት ኮስታራዋ ቤተ ሙከራው ድረስ መጣች። ማሳውን በሠላሳ ቀን ልቀቁ የሚል ወረቀት ይዛለች። ወንዙን ያበላሸው የአትክልተኞቹ ፍግ እንደሆነ በጥናት ተረጋግጧል ይላል። ‘ባልዲህን ስይዝልህ የከረምኩት ለዚህ ነው?’ አለችኝ፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። እንደሄደች ቤተ ሙከራችን ያወጣውን የጥናቱን ሪፖርት አነበብኩት። ከቱቦው በላይ የወሰድኳቸው ስድስት ናሙናዎች የሉም። እዚያም ማሳ አለ፣ ፍግም አለ፣ ጭቃው ግን ጤነኛ ነው፤ ለአትክልተኞቹ የሚመሰክሩት እነሱ ብቻ ነበሩ።

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። አልካደም። ብዕሩን እያገላበጠ፣ ‘ይህን ቤተ ሙከራ የሚያኖረው ማጣሪያ ጣቢያው ነው፤ እነሱን ከነካን አንተም እኔም የለንም’ አለኝ። ቀጥሎም፣ ‘ልጄ፣ እንዳላየህ እለፈው’ አለ። እታለም፣ አንጀቴን የቆረጠችው ያቺ ‘ልጄ’ የምትል ቃል ናት።

ባለፈው ረቡዕ በአትክልተኞቹ ጉዳይ በሰፈሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የመስክ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ፤ ተራዬ ሲደርስ ስድስቱን ናሙናዎች ከነቀናቸው፣ ከነቦታቸው አነበብኩ። አለቃዬ ከፊት ተቀምጦ ነበርና ተነስቶ፣ ‘ወጣቱ ሥራ በዝቶበት ተደናግሮ ነው’ አላቸው። ያን ደብተር ገጽ በገጽ ሲፈርምበት የከረመው እሱ ራሱ ነው። ፊርማውን ለሰብሳቢው አሳየሁት። አለቃዬ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየኝም።

ሌላ ቤተ ሙከራ እስኪመረምረው ማንም ከማሳው እንዳይነሳ ተወሰነ። እኔ በማግስቱ የቤተ ሙከራውን ቁልፍ እንዳስረክብ ታዘዝኩ፤ የነገረችኝ ጸሐፊዋ ናት፣ እሱ ከቢሮው አልወጣም። ኮስታራዋ ያመሰገነችኝ እንዳይመስልሽ። ‘ስምህ ያለበትን ሪፖርት ቀድመህ ብታነብ ኖሮ እዚህ ባልደረስን’ ብላኝ ሄደች። እውነቷን ነው።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ አጥሩን ለማገዝ ሳልመጣ አልቀርም በይው። መንትዮቹን ሁለቱንም እኩል ሳሚልኝ፣ አለዚያ ይጣላሉ። አጎቴን ጉልበቱን ሳሚልኝ። እማዬን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኳት ስለማፍር ነው። ያ ሳሎን የሰቀለችው፣ ስሜ የታተመበት ገጽ የዚሁ ሪፖርት ሽፋን ነው። ስሜን አይቼ ደስ ብሎኝ ውስጡን ሳልገልጥ ነበር የላክሁላችሁ። ቀስ ብለሽ አስረጂያትና አውርጂልኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከአንቺ ትስማው።

ወንድምሽ
ከወንዙ ማዶ፣ ከተከራየኋት ክፍል
እሑድ፣ የካቲት 11 ቀን