የሰውን ቃል ለባለቤቱ የመለሱት አስተርጓሚ፦ አቶ ጋትሉዋክ ኮት

አቶ ጋትሉዋክ ከአባታቸው ከአቶ ኮት እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ኛዌች በ1949 ዓ.ም. በጋምቤላ፣ በማታር ከተማ አቅራቢያ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በአካባቢው በነበረ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛ ደረጃን ጎሬ ተምረዋል። አማርኛን እዚያ መልመድ ብቻ ሳይሆን አሳመሩት፤ እኛን ደገኞቹን እንኳ ሳይቀር ያርሙን ነበር።

በ1971 ዓ.ም. በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሰልጥነው በጋምቤላ ሥራ ጀመሩ። በ1976 ዓ.ም. ደግሞ ከጎሬ በጤና ረዳትነት ተመድበው የመጡትን ወ/ሮ አልማዜን አገቡ። ይህን የምጽፈው የወ/ሮ አልማዜ ታናሽ ወንድም ወንዳፍራሽ ነኝ። በሃይማኖት ስለሚለያዩ ቤተሰባችን መጀመሪያ አጉረምርሞ ነበር፤ ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ እናታችን ከእኛ ይልቅ ለአማቻቸው ማድላት ጀመሩ።

አቶ ጋትሉዋክ በጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናቸው ስብከትን ከአማርኛ ወደ ኑዌርኛ፣ ምስክርነትን ከኑዌርኛ ወደ አማርኛ ይመልሱ ነበር። ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ዘመን ስብሰባው ሲበዛ፣ እሳቸው የሌሉበት መድረክ ጨው እንደሌለው ወጥ ይቆጠር ጀመር። ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ግሩም፣ ክራባታቸው ሁልጊዜ የተስተካከለ ነበር። ሙገሳውንም ጠልተውት ነበር ብዬ አልዋሽም።

የሚቀጥለውን እንድጽፍ ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው። «ይህን ትተህ ሌላውን ብታሳምር ቀብሬ ላይ ሐሰት አነበብክ ማለት ነው» ብለውኛል።

በ1986 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያኗ በተደረገ የምስጋና በዓል ላይ የክልሉ ባለሥልጣናት በእንግድነት ተጋብዘው፣ ቪዲዮ የሚቀርጽም ሰው መጥቶ ነበር። ወ/ሮ ኛጋይ የተባሉ እናት ተነሥተው በኑዌርኛ ተናገሩ። ከወንዙ ውሃ ስትቀዳ የእህታቸውን ልጅ አዞ እንደወሰደባቸው ገልጸው፣ በሰፈራቸው የውሃ ጉድጓድ እንዲቆፈር ለመኑ። አቶ ጋትሉዋክ ግን ለምስጋና ቀን ሐዘን አይመችም ብለው፣ የወ/ሮ ኛጋይ ቃል አስመስለው በአማርኛ ስለ ሰላምና ስለ አዲሱ ዘመን ያማረ ንግግር አደረጉ። ሲጨበጨብላቸው ጨመሩ። እንግዶቹ ተነሥተው ጨበጧቸው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው ነው፤ የእሳቸው ራስ ደግሞ ያኔም ተመልጦ ነበር።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ወ/ሮ ኛጋይ ቀርበው «ስለ ውሃው ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ።  እንግዶቹ ግን ሄደው ነበር።

በዚያ ሳምንት ቪዲዮው በየሻይ ቤቱ ሲታይ፣ ኑዌርኛ የማይሰማው ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ያመሰግናቸው ነበር። እሳቸው ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ሄደው ያደረጉትን ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ወ/ሮ ኛጋይን ቤታቸው ሄደው ይቅርታ ቢጠይቁ በቂ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኗንም ስም ያተርፋሉ ብለው መከሯቸው። «በአደባባይ የወሰድኩትን በጓዳ አልመልስም» አሉ። እሑድ በሕዝቡ ፊት ቆመው፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ «ባለፈው ሳምንት የሰማችሁት የኛጋይ ቃል አይደለም፤ የእኔ ነው። ጭብጨባው ጣፈጠኝ» አሉ። ከዚያም ወ/ሮ ኛጋይ እንደገና እንዲናገሩ ለምነው፣ ያሉትን ሁሉ ቃል በቃል መለሱ። በዚያ ቀን ማንም አላጨበጨበም፤ ብዙ ሰው ግን አለቀሰ።

በማግስቱ ወ/ሮ ኛጋይን አስቀድመው፣ ራሳቸው ከኋላ ሆነው ወደ ክልሉ ውሃ ቢሮ ሄዱ። እስኪፈጸምም ድረስ መመላለሱን አልተዉም። በ1987 ዓ.ም. ጉድጓዱ ተቆፍሮ ፓምፑ ተተከለ። ሰው «የጋትሉዋክ ውሃ» ሲል «የኛጋይ ውሃ» እያሉ እስኪለመድ ድረስ አረሙ።

ትሕትና አንገት መድፋት የሚመስለው ሰው እሳቸውን አላየም። ክራባታቸውን አልፈቱም፣ ድምፃቸውንም አልቀነሱም፤ የሌላውን ሰው ቃል ግን ዳግመኛ አልነኩም። ጡረታ ከወጡ በኋላ በጀዊ የስደተኞች መጠለያ በነፃ ሲያስተረጉሙ፣ ወጣቶች በስልክ ሊቀርጿቸው ሲመጡ ትከሻቸውን ይዘው ቃሉን ወደሚናገረው ስደተኛ ያዞሯቸው ነበር። ልጃቸው ሊና ፌስቡክ ልክፈትልዎ ብትላቸው «ምን ልለጥፍበት? እኔ ጋ ያለው የሰው ቃል ነው» ብለው አሳቋት።

አቶ ጋትሉዋክ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታ ሄደዋል። ባለቤታቸውን ወ/ሮ አልማዜን፣ ልጆቻቸውን ሩፋኤልን፣ ሊናንና አቢጋኤልን እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። እኔም ወንድሜን አጥቻለሁ፤ በጣም ይናፍቁኛል።

የስንብቱን ጸሎት ወ/ሮ ኛጋይ እንዲያደርሱ ቤተሰቡ ለምኗል። በኑዌርኛ የሰጡንን ሊና ወደ አማርኛ መልሳዋለች፤ የጨመርነውም የቀነስነውም የለም፦

«አምላክ ሆይ፣ ጋትሉዋክ አሁን ፊትህ ቆሟል። ስለ ራሱ መናገር ትቷል፣ ዝም ይልሃል። ስለዚህ እኔ ልናገርለት፦ ቃሌን አድርሶልኛል። ነፍሱን ተቀበላት።»