ባና የለበሰ ባትሪ

ታኅሣሥ 8
የአባባን ቤት የሣር ክዳን ግማሹን አወረድን። አርጅቷል፣ ሲነኩት ይበናል። የቆርቆሮው ማረፊያ እንጨት፣ ሞራሌው፣ ተመታ፤ ነገ ቆርቆሮ። የዚህ አገር ነፋስ ምስማር ይነቅላል፣ ብሎን ይሻላል ብዬ በባትሪ የሚሠራ ድሪሌን ይዤ ነው የመጣሁት። ጎረቤታችን ጫኔ፣ «መዶሻ ምን በደለሽ?» አለኝ። ሳቅሁበት።

ታኅሣሥ 9
ጥቂት ብሎን እንዳሰርኩ ባትሪው አለቀ። ቻርጀሩ ላይ ሰካሁት... ቀይ ብልጭ ብልጭ። አይቀበልም። መብራት አለ። ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ክፍቱን በሸራ ሸፍነን አደርን። አባባ ሲያስላቸው አደረ። «ጫኔ ቤት ይደሩ» ብላቸው፣ «ቤቴን ትቼ? አላደርገውም!» አሉ። ጣሪያ አፍርሼ አባቴን ውርጭ ላይ አስተኛሁ። ጎበዝ!

ታኅሣሥ 10
አሁንም ቀይ። ጫኔ ባጥሩ ብቅ ብሎ፣ «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» አለ። መዶሻውን ይዞ።

ታኅሣሥ 11
ዘመሮ ከተማ ሄጄ ምስክርን ጠየቅሁ። አናጢው፣ ሥራ ያስተማረኝ።
«ባትሪው የት አደረ?»
ደጅ፣ የዕቃ ሳጥን ውስጥ አልኩት።
«የቀዘቀዘ ባትሪ ቻርጅ አይቀበልም። ቤት አስገቢውና ብርዱ ይልቀቀው። እሳት ዳር ግን እንዳታደርጊው። ስትሰኪው ደግሞ ምንም አታልብሺው፣ ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል።»
ይኸው ነው? ይህን ሳላውቅ ነው ባለሙያ ነኝ የምለው?

ስመለስ ቤቱ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል። አባባ ምድጃው ዳር ባትሪውን ከነቻርጀሩ በሱፍ ባናቸው ጠቅልለው ተቀምጠዋል። «በርዶት ነው እኮ ልጄ። ሳሞቀው ተቀበለ፣ ብልጭ ብልጩ ቆመ።» ደስ ብሏቸዋል። ገመዱን ነቀልኩ። ባናውን ስገልጠው... አብጧል። በአካፋ አውጥቼ ባዶ ሜዳ ላይ አኖርኩት። ከዚያ ጮኽኩባቸው። «ሁለተኛ እንዳይነኩ! ምንም ነገር እንዳይነኩ!» ጫኔም ሰምቷል።
አባባ ብድግ ብለው ከምድጃው ራቁ።

ታኅሣሥ 12
ጫኔ ቤት አደሩ። ስለምናቸው እምቢ ያሉት ሰው፣ ሳይነግሩኝ ሄዱ። ባናው መሀሉ ጠቁሯል። ትናንት በነጠላ ብቻ ነበሩ፤ አሁን ነው ልብ ያልኩት። በዚያ ሳል፣ በዚህ ብርድ፣ ከላያቸው አውልቀው ለባትሪ ማልበስ! ተናደድኩ... በማን? ማሞቁንስ አውቀውታል። መግለጡን ማን ነገራቸው? እኔ ራሴ መቼ አወቅሁ?

ታኅሣሥ 15
ምስክር ባትሪ አዋሰኝ። ቤት አስገብቼ፣ ከምድጃው አርቄ ብርዱ እስኪለቀው ጠበቅሁ። ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጌ ራቁቱን ሰካሁት፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አረንጓዴ ሲሆን ነቀልኩት። ሠራ። ደስ አላለኝም። ከሰዓት መብራት ጠፋ። ደግሞ!

ታኅሣሥ 19
ገብርኤል። ሥራ የለም። አባባን ቤተ ክርስቲያን አየኋቸው። «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አሉ፣ ለማንም ሰው እንደሚሉት። ሳሉ አልለቀቃቸውም።

ታኅሣሥ 20
አለቀ። የመጨረሻዋን ብሎን አስሬ ወረድኩ። ጫኔ ቆርቆሮውን ነቅነቅ አድርጎ፣ «ይይዛል» አለ፤ ቀልድ አልጨመረም። አባባን ጠራኋቸው፣ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ቀና አሉ። «ጥሩ ነው» አሉ። እንዲገቡ መንገድ ለቀቅሁላቸው። አልገቡም። መቃኑን ሊደገፉ እጃቸውን ሰደዱና መልሰው ሰበሰቡት።
«ልግባ?» አሉኝ። በገዛ ቤታቸው።