እሳት ያልነካው ምግብሽ

ልጄ ፍሬሰንበት፣ አምላክ ከነጤናሽ ያቆይልኝ። እኔ ሰባ ስምንት ሞላኝ፤ እዚሁ አቦቦ በቆሎዬን ራሴ እኮተኩታለሁ፣ ይህንንም በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።

እሳት የነካውን አልበላም፣ የራሰ ሽምብራና ቅጠል ይበቃኛል ካልሽኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እንዲያ የሚበላ እኔ የማውቀው ባሕታዊ ነው። ጎረቤቴ ረድዋን፣ «ጋሽ ገሠሠ፣ የፈረንጅ ፋሽን ነው፤ ለጤናዋ ብላ ነው» ይለኛል። የጀመርሽው እኔ በወባ በወደቅሁ ሰሞን አይደለም እንዴ? ለእኔ ስለት ተስለሽ መሆኑ መች ይጠፋኛል?

ይኸው ድኛለሁ፣ እናቴ። ማንጎ ከሆነስ እኛም ጋምቤላዎች ጥሬውን ነው የምንበላው፤ ግን በዚያ በሄድሽበት ብርድ አገር እባክሽ ትኩስ ሽሮ ቅመሺልኝ። እናትሽን የተቀበለ አምላክ አንቺን በሰላም ያኑርልኝ።

ለገብርኤል የተሳልኩትን ጧፍ እኔው አስገባለሁ። ረድዋንም ታምሜ ሳለሁ በቆሎዬን አርሞልኛል፤ የእሱን እኔው ሄጄ አርምለታለሁ። በአንቺ ሆድ የሚከፈል ዕዳ የለብኝም።

አባትሽ ገሠሠ