የመሪጌታ ቤት ፕላን የጠፋበት ሳምንት

ሰኞ፣ ሰኔ 9

እምቢ አለ። ጠዋት ስከፍተው ሥዕሉ በሚመጣበት ቦታ ቀይ ጽሑፍ ብቻ፦ ፈቃድዎ አይሠራም፣ አከፋፋዩን ያነጋግሩ። የምን አከፋፋይ! ፕላን መሥሪያውን ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ላይ የጫነልኝ ደሳለኝ ነው፤ አብሮኝ የተማረ፣ አሁን ባሕር ዳር የሚሠራ።

ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ አዲስ ነገር ያደረግሁ እንደሆነ ኢንተርኔት ማገናኘቴ ነው። ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቶ ነበርና ሲመጣ ደስ ብሎኝ ከስልኬ አገናኘሁት። ከዚያ ወዲህ ቀይ ጽሑፍ።

የመሪጌታ ይባቤ የቤት ፕላን ዓርብ ማዘጋጃ ቤት ካልገባ እዚህ ወረታ ከተማ ያገኙት ቦታ ይመለሳል። አንዴ ተራዝሞላቸዋል፣ ሁለተኛ የለም። መሪጌታ ቁሐር ሚካኤል ዜማ ያስተምራሉ። እዚያ ያለው ቤታቸው ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ይገባበታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጉልበታቸውን ታመዋል፤ አምና ውኃው ሲመጣ በጎረቤት ጀርባ ታዝለው ነው የወጡት። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ለገበያ መጥተው ሲጠይቁኝ፣ አልቋል፣ ማተም ብቻ ነው የቀረው አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ቪዲዮ ላይ አይቼ የሞከርኳቸው፦ አጥፍቶ ማብራት። ቫይረስ መከላከያውን ማጥፋት። ኢንተርኔቱን መንቀል። መሳደብ (ይኼኛው የራሴ ነው)። አንዱም አልሠራም።

የቪዲዮው የመጨረሻ ምክር፣ ፕሮግራሙን ነቅላችሁ እንደገና ጫኑ፣ አስቀድማችሁ ግን ሥራችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ ይላል። ገለበጥኩ። ፍላሹ ላይ ከፋሲካ በፊት በግምት የሠራሁት የመሪጌታ የመጀመሪያ ንድፍ በዚያው ስም ተቀምጦ ስለነበር የትኛው ይቀመጥ ብሎ ጠየቀኝ። "አዲሱ" የሚለውን ነካሁ። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ላይ ሁሉንም ጠራርጌ አጠፋሁ፤ ንጹሕ ይሁን ብዬ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

እንደገና ተጫነ። እንደገና ቀይ።

ደሳለኝን ደወልኩለት። መጀመሪያ የጠየቀኝ የኮምፒውተሩ ቀን ልክ መሆኑን ነው። አየሁ። ዐሥረኛው ወር፣ ዐሥር፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ብዬ አነበብኩለት። ልክ ነው አልኩት። "ጎበዝ፣ እንግዲያው እሱ አይደለም" አለና ወደ ሌላው አለፍን። ይኼን ክፈቺ፣ ያንን ዝጊ፣ ይኼን ስም ቀይሪ፣ ያንን አጥፊ። የማጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ሳላውቅ አጠፋሁ። መካከል ላይ መስመሩ ተቆረጠ። ትንሽ ቆይቶ መብራትም ሄደ።

ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የተማርኩት ቤት ለመንደፍ ነው እንጂ ከዚህ ቆርቆሮ ጋር ለመከራከር አይደለም።

በዚህ ላይ መሪጌታ ደወሉ። "እህሳ ልጄ፣ ደረሰ?" "ደርሷል የኔታ" አልኩ። አፌ ነው ያለው። "እግዜር ይስጥሽ፤ እንግዲያማ እኛም እንጀምር" ብለው ዘጉት። ምኑን እንደሚጀምሩ አልጠየቅሁም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ተከፈተ! ልጻፈው፣ ደስታዬ ዕድሜው ምን ያህል እንደነበረ ኋላ ይታያል።

ደሳለኝ የእሱ ፕሮግራም ሲሠራ የሚያሳይ ፎቶ ላከልኝ፣ ከኔ ጋር እንዳስተያየው። ሁሉም አንድ ነው። ጥጉ ላይ ያለው ቀን ብቻ የእሱ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት ይላል። የኔን አየሁ፤ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት።

ግንቦት ላይ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ኮምፒውተሩ ሰዓቱ ጠፍቶበት ቀን አስገቢ ብሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ አየሁና የኛን ቀን ጻፍኩለት። እሱ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ ከነሥራዬ ዓመታት ወደ ኋላ ወሰድኩት። ኢንተርኔት እስኪያገኝ ዝም አለ፤ ሰኞ ሲያገኝ አታላይ ናት ብሎ ዘጋኝ። ለደሳለኝ ስነግረው ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና "እኔም እኮ ጎበዝ ብዬሻለሁ" አለ። እኔ አይቼ፣ እሱ ሰምቶ ልክ ነው ያልን ሰዎች ነን!

አስተካከልኩ። ከፈትኩ። ተከፈተ። እሰይ ብዬ ስጮህ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ የሞተ ሰው ያለ መስሏት መቀሷን እንደያዘች ገባች።

የመሪጌታን ቤት ከፍላሹ ላይ ከፈትኩ። የመጣው የፋሲካው ነው። ከመሬት ያልተነሣው። በግምት የሠራሁት።

ቁጭ አልኩ። ሰኞ አዲሱ ይቀመጥ ስለው ለእሱ አዲሱ የፋሲካው ነው፤ የፈረንጅ ቀን አለውና። የጨረስኩት ሥራ በኔ ቀን ተጽፎ ስለነበር የጥንት መሰለው። አሮጌውን አስቀመጠልኝ፣ እውነተኛውን በገዛ እጄ ጠረግሁት።

የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም፦ ምንም። በራሱ የሚያስቀምጠው ቅጂ፦ አብሮ ተጠርጓል። ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ማሰስ፦ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ፎቶ።

እንደገና ልሥራው ብል ልኬቱ የለኝም። መሪጌታ ቦታውን በገመድ ለክተው፣ በየማዕዘኑ ቋጥረው ነበር ያመጡልኝ። ወለሉ ላይ ዘርግተን በሜትር ስለካው በቀጥታ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባሁት፤ ወረቀት ላይ አልጻፍኩም። ገመዱን ይዘው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ቦታው ድረስ ሄድኩ። ሣር ውጦታል፣ ችካሎቹ የሉም። ስልካቸው አይነሣም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12፣ ሚካኤል

ባጃጁ ከዚህ ወዲያ አልሄድም ያለኝ ቦታ ላይ ወርጄ ጫማዬን በእጄ ይዤ ቁሐር ገባሁ። በዓል ስለሆነ ማሳው ላይ ሰው የለም፣ ውኃ ብቻ። መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። እስኪወጡ ዛፍ ሥር ቆሜ የምናገረውን አጠናሁ። ወጡና በደስታ እየመሩ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ።

ቤቱ ጣራ የለውም።

ቆርቆሮው ተደራርቦ ተቀምጧል። እንጨቱ ታስሯል። ከሚካኤል በፊት እንዲያልቅ ብለው ማክሰኞና ትናንት ጎረቤት ተሰብስቦ አፍርሶላቸዋል። ቅዳሜ በመኪና ወረታ ገብቶ ለአዲሱ ቤት ይሆናል። እንጀምር ያሉኝ ይኼንን ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጎረቤት ቤት በር ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። "ሥዕሉ ጠፍቷል የኔታ" ብቻ አልኩ።

"ተቃጥሎ ነው?"

"አይደለም። ብቻ የለም።"

"ደርሷል አላልሽኝም?" ድምፃቸው ከፍ አለ። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ብያለሁ። መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ጭቃው ግን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ብቻ ነበር።

"ይተዉአት እስቲ፣ በሐሳብ ተበልታ አልቃለች። እንደገና ትለካው፣ ገመዱን ይስጧት" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

ገመዱ እንጨቱን ያሰሩበት ነው። መሪጌታ ፈቱልኝ። ዘረጋነው። አንዱ ቋጠሮ የለም፤ እንጨቱን ሲያስሩ ተፈትቷል። መሪጌታ ገመዱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው የታጠፈ ቦታ ፈለጉ፣ በሁለት ጣት ያዙና "እዚህ ላይ ይመስለኛል" አሉ። ይመስለኛል። ሜትሩን እዚያ ላይ ዘረጋሁ። ዛሬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ከንጋት ጀምሮ ሠራሁ። በየመስመሩ ማስቀመጥ። ፍላሽ ላይ፣ ስልክ ላይ፣ ደሳለኝ ጋ። በየመካከሉ ቀኑን ማየት፤ እንደ እብድ። መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ። ወለሉን ከፍ አደረግሁ፣ ደረጃ የለውም፣ እንደ ጠፋው ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ጉልበት ዘቅዘቅ ያለ መውጫ። ጠፋ ካልኩት ውስጥ እጄ ያስታወሰው ብዙ ነው። ያቺን ማዕዘን ግን በመሪጌታ ጣት ነው የሠራኋት።

ጄኔሬተር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ማዘጋጃ ቤት ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። መሪጌታ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ተቀበሉን። ፕላኑን ያየችው ልጅ ግን ሰኞ ባለሙያችን ቦታው ላይ ወጥቶ ልኬቱን ያያል፣ ካልገጠመ ይመለሳል አለች። የገመዱን ነገር አልነገርኳትም። ስንወጣ መሪጌታ "ይገጥም ይሆን?" አሉኝ። አላውቅም የኔታ አልኳቸው። በዚህ ሳምንት ለእሳቸው የተናገርኩት ሁለተኛው እውነት ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ ቁሐር ዶፍ ወርዶ ኖሯል። የተጠጉበት የጎረቤት ቤትም ውኃ ጀምሮታል አሉ፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅን በጋሪ አምጥተዋቸው አሁን እኔ አልጋ ላይ ናቸው። መሪጌታ ቆርቆሮውን ሊጠብቁ ተመለሱ።

ማታ መብራት መጣ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤቱን አሳዪኝ አሉ። ኮምፒውተሩን አልጋው ጫፍ ላይ አድርጌ ከፈትኩላቸው። የምተኛው የቱ ጋ ነው አሉኝ። አሳየኋቸው። ውኃው አይደርስም? አይደርስም እትዬ። እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና መስመሩ ላይ አድርገው ግድግዳውን ዙሪያውን ዳሰሱት። እንደዚያው እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ልዘጋው ብዬ አልቻልኩም። አሁን ያላቸው ቤት ይኼ ብቻ ነው።