ከካምባ ግማሹ ደረሰ

ሰኞ

እንደገና ሞተ። ቪዲዮዎቹን የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ማለቴ ነው። ሴትዮዋስ ደህና ናት፣ እስካሁን።

ሲስተር ወርቄ ከካምባ ጤና ጣቢያ ደወለች። አዋላጅ ነርስ ናት፤ የነፍሰ ጡሮችን የአልትራሳውንድ ቪዲዮ በእኔ ፕሮግራም ትልካለች፣ እዚህ አርባ ምንጭ ዶክተር ጌታቸው ያየዋል። «መሲዬ፣ የእንግዴ ልጁ ከሕፃኑ በታች፣ መውጫው ላይ የተቀመጠ መሰለኝ» አለችኝ። እንደዚያ ከሆነ ምጡ እዚያ ከመጣ ደም ይፈሳታል፤ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሐኪም ደግሞ እዚያ የለም። ሴትዮዋ ግን ዶክተሩ አይቶ ነይ ካላለኝ ከቤቴ አልነቃነቅም ብላለች። ባለፈው እርግዝናዋ በዝናብ አንገላተው አምጥተዋት፣ ምንም የለብሽም ተብላ ተመልሳለች። እኔም ብሆን እምቢ እል ነበር።

ቪዲዮው ደጋግሞ ተላከ፣ ደጋግሞ መንገድ ቀረ። ጥፋቱ የኔ ነው። ኮዴ ፋይሉ ተሟልቶ እስኪመጣ በጊዜያዊው ማስታወሻ፣ ሚሞሪ ላይ፣ ይዞ ይጠብቃል፤ ዲስክ ላይ በቋሚነት የሚያስቀምጠው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ኔትወርኩ መሃል ላይ ከተቆረጠ የመጣው ሁሉ ከንቱ። ስልኩ ከአንድ ይጀምራል። ሙከራው ሲደራረብ ሚሞሪው ይሞላል፣ ሰርቨሩ ይወድቃል።

በቴሌግራም ይላክ ያለኝ አለ። ምስሉ ደብዝዞ ይደርሳል። አይሆንም።

ማክሰኞ

ከጠዋት ጀምሬ ቁጭ። ኮዱን አፈረስኩት። አሁን እያንዳንዱ ቁራሽ እንደመጣ ዲስክ ላይ ይጻፋል። መምጣቱ ሲያቆም ፋይሉ ተዘግቶ ለዶክተሩ መልእክት ይሄዳል።

ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሲቀላ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ከባድ ቪዲዮ ላክሁ። ገባ! ሚሞሪው ንቅንቅ አላለም። ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ ሳቅሁበት፤ ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም።

ረቡዕ

ዶክተሩ ደወለ። «ደርሷል፣ ጥርት ያለ ነው። ሲስተር ወርቄ ያለችውን አላየሁም። ቤቷ ትቆይ ብዬ ልጽፍላት ነው።» ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ወዲያው ሲስተር ወርቄ፦ «ኧረ መሲዬ፣ ኔትወርኩ ሄደብኝ። ሳይጨርስ ነው የቆመው።»

የፋይሉን መጠን አየሁ። ስልኩ ሲጀምር የነገረን መጠንና እኛ ጋ ያለው አይገናኙም። ዶክተሩ ያየው ግማሹን ነው። የማህፀኑን የታችኛውን ክፍል፣ ዋናውን ነገር፣ እሷ የምትቀዳው መጨረሻ ላይ ነው። የኔ ኮድ መቆረጡን እንደማለቅ ቆጥሮ «ተሟልቷል» ብሎ ለዶክተሩ ላከ።

ደወልኩለት፣ አያነሳም። በባጃጅ ወደ ሆስፒታሉ በረርኩ። «እንዳይልኩት! ግማሽ ነው!» አልኩ፣ በሰው ፊት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «መሲ፣ ከሚሞት ሰርቨር የሚዋሽ ይብሳል» አለኝ ብቻ።

እውነቱን ነው። አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ወደ ሥራ።

ሐሙስ

ጎረቤታችን ቤት ሽማግሌዎች ሁለት ወንድማማቾችን አስታረቁ። እማዬ ካልመጣሽ አለችኝ። እየተነጫነጭኩ ሄድኩ።

ከጨንቻ የመጡት ጋሽ ሶርሳ ሊመርቁ ተነሱ፣ ሁላችንም ቆምን። ትንሽ ይላሉ፣ እኛ አሜን። አሜኑ ከሳሳባቸው አይቀጥሉም፣ ያንኑ ይደግሙታል። መሃል ላይ ሳል ያዛቸውና ዝም አሉ። ያለቀ መስሎን መቀመጥ ስንጀምር፦

«ማን ተቀመጡ አላችሁ? ጨረስኩ አልኩ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ታራቂዎቹም ሳቁ። የኔ ልብ ግን ወደ ኮዱ ሄዷል። ምግቡን እንኳ አልጠበቅሁም፤ እማዬ ተቀይማኛለች።

አሁን እንዲህ ነው። ስልኩ አንድ ቁራሽ ይልካል። ሰርቨሩ ጽፎ ሲያበቃ «እስከዚህ ደርሶኛል» ይላል። ይህን ያልሰማ ስልክ ያንኑ ይደግማል እንጂ አይቀጥልም። ከተቆረጠም ካቆመበት ይነሳል። ስልኩ ራሱ ጨርሻለሁ እስኪል፣ መጠኑም እስኪገጥም ድረስ፣ ዶክተሩ ምንም አያይም። ዝም ማለት ማለቅ አይደለም።

አዲሱን የስልክ ፕሮግራም ለሲስተር ወርቄ ላክሁ። እሱ ትንሽ ፋይል ስለሆነ ደረሰላት።

ዓርብ

ካምባ ዝናብ ነው። ቁራሽ መጣ። ቆመ። መጣ። ለረጅም ጊዜ ጠፋ። ኮምፒውተሩን በዓይኔ ልበላው ደረስኩ። እማዬ ኩርፊያዋን ሳትተው ሙዝ አጠገቤ አስቀምጣ ሄደች። ካቆመበት ተነሳ! ካቆመበት!

በመጨረሻ «ተሟልቷል» አለ። አላመንኩትም፣ መጠኑን ራሴ አመሳከርኩ። ገጠመ።

ዶክተሩ ሲያየው አጠገቡ ቆሜያለሁ። መጨረሻው አካባቢ አቆመው። «ሲስተር ወርቄ ልክ ናት። ዛሬውኑ ትምጣ።» ሴትዮዋም እሺ ብላለች፤ መኪናው ወጥቷል። መንገዱን እግዚአብሔር ይጠብቅ።

ቅዳሜ

ደርሳለች! ጭቃ በጭቃ ሆና፣ ግን በደህና። ቀዶ ጥገናው ነገ ጠዋት ነው፤ ዶክተሩ ሰኞን አልጠብቅም ብሏል።

ልጠይቃት ሄድኩ። የሷ አማርኛ ጥቂት ነው፣ የኔ ጋሞኛም ከሰላምታ አያልፍም። ቪዲዮውን ላየው አለች። ዶክተሩ ፈቀደና ስልኩን ያዝኩላት፤ ባሏ ከኋላ እየተንጠራራ ያያል። ምንም የገባቸው አይመስለኝም፤ ሁለቱም ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም። ምስሉ ጠፍቶ ስክሪኑ ሲጠቁር ቀና ብላ አየችኝ።

«አለቀ?»

«አዎ፣ አለቀ» አልኳት። በዚህ ሳምንት ይህን ቃል አፌን ሞልቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ነገን ግን እንጃ። ፈርቻለሁ። ጠዋት እዚያው የቀዶ ጥገናው ክፍል ደጅ ላይ እገኛለሁ።